የትኛው ስፖንጅ ይሻላል? የሞዴል መኪና፣ ታንክና ባቡር ቀለም ለማስረጀት

ላዳው ተገጣጥሟል። ሰማያዊው ቀለም ደርቋል፣ ጣሪያው ነጭ ሆኗል፣ ጎማዎቹ ገብተዋል። ራቅ ብላችሁ ስታዩት ግን መጫወቻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ 30 ዓመት የሠራ ታክሲ አይመስልም። የጎደለው እርጅናው ነው። ፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ የተላላጠው ቀለም የለም። በሩ ሥር የወጣው ዝገት የለም። ኮፈኑ ጫፍ ላይ ጠጠር የመታው ነጥብ ነጥብ የለም።

ይህን ለማምጣት ከማውቃቸው መንገዶች ሁሉ ፈጣኑና ርካሹ ስፖንጅ ነው። ቁራጭ ስፖንጅ ቀለም ታስነኩና አብዛኛውን ሶፍት ላይ ታራግፉታላችሁ። የቀረችውን ሞዴሉ ላይ ነካ ነካ ታደርጋላችሁ። ሥራው ይኸው ነው።

ግራ የሚያጋባው ምርጫው ነው። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አለ። የፍራሽ ስፖንጅ አለ። የሜካፕ አለ። የዓሣ ገንዳ ማጣሪያ አለ። ለሞዴል ሥራ ተብሎ በትንሽ ከረጢት የሚሸጥም አለ፤ ዋጋው ደግሞ ከሌሎቹ ጋር አይገናኝም። አንዱ ይህን ይላል፣ ሌላው ያንን። ስለዚህ ነጭ የፕላስቲክ ማንኪያዎች ገዛሁና ሁሉንም ሰማያዊ ቀባኋቸው። ከዚያ በእያንዳንዱ ማንኪያ ላይ አንድ ዓይነት ስፖንጅ በአንድ ዓይነት ቡናማ ቀለም ሞከርኩ። ማንኪያ የመረጥኩት ጎድጓዳም፣ እብጥ ያለም፣ ጠርዝም ስላለው ነው። ከታች የምትፈልጉትን አማራጭ ከመምረጣችሁ በፊት ግን መመዘኛውን እንይ። ያለ መመዘኛ "ይህ ጥሩ ነው" ማለት ትርጉም የለውም።

በምን እንመዝን?

ከሁሉ የሚቀድመው ስኬል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

1/24 የሆነ ላዳ ከእውነተኛው 24 ጊዜ ያነሰ ነው። 4 ሜትር ገደማ የነበረው መኪና 17 ሳንቲም ገደማ ሆኗል። ስለዚህ እናንተ የምታሳርፉት ነጥብም በዓይን የሚነበበው በ24 ተባዝቶ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ነጥብ እዚህ ላዳ ላይ 12 ሚሊ ሜትር የተላጠ ቀለም ማለት ነው። ጠጠር የመታው ይመስላል፤ ያስኬዳል። ያንኑ ነጥብ 1/35 ታንክ ላይ ብታሳርፉት 17 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል። አሁንም ያስኬዳል። 1/72 አውሮፕላን ላይ 36 ሚሊ ሜትር ነው። 1/87 ባቡር ላይ ደግሞ ከ43 ሚሊ ሜትር ያልፋል፤ ይህ የዶሮ እንቁላል ወርድ ነው። ነጥቡን ወደ አንድ ሙሉ ሚሊ ሜትር ካሳደጋችሁት ባቡሩ ላይ መዳፍ የሚያህል ልጥ ቦታ ትሠራላችሁ። ከዚያ ዓይነቱ አሥር ቦታ ላይ ሲኖር ባቡሩ ያረጀ አይመስልም፤ የታመመ ይመስላል።

ስለዚህ "የትኛው ስፖንጅ?" ከማለታችሁ በፊት "ሞዴሌ ስንት ስኬል ነው?" በሉ።

ሁለተኛው የቀዳዳው ዓይነት ነው። ነጥቡን የሚያሳርፈው ቀዳዳው አይደለም፤ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ስስ ግድግዳ ነው። ቀዳዳው ሰፊ ሲሆን ነጥቦቹ ይራራቃሉ፣ ግድግዳውም ወፈር ይላል። ቀዳዳው ጠባብ ሲሆን ነጥቦቹ ደቃቅና የተጠጋጉ ይሆናሉ። ሁሉም ቀዳዳ እኩል ከሆነ ደግሞ ምልክቱ የታተመ ጨርቅ ይመስላል። እኛ የምንፈልገው የተዘበራረቀ ነው። እውነተኛ መኪና በሥርዓት አይላላጥም።

ሦስተኛው ቁጥጥር ነው። ስፖንጁ ወደ ጠባብ ጥግ ይገባል? ጠርዝ ላይ ብቻ ማሳረፍ ይቻላል? ለስላሳ ስፖንጅ ሲጫኑት ይተኛና ያልታሰበ ቦታ ይነካል። ጠንከር ያለው ግን ጫፉን ብቻ ያሳርፋል።

አራተኛው ስህተትን መመለስ መቻሉ ነው። አክሪሊክ ቀለም ከመድረቁ በፊት በእርጥብ ጥጥ ይጠረጋል። አንዳንዱ ስፖንጅ ብዙ ቀለም በአንዴ ስለሚጥል ለመጥረግ እንኳን ጊዜ አይሰጥም።

ዋጋና መገኘት የመጨረሻው ነው። መጨረሻ ያደረግኩት በምክንያት ነው፤ ከሚሠሩት አማራጮች አብዛኞቹ በነፃ ወይም በጥቂት ብር የሚገኙ ናቸው።

የፍራሽና የሶፋ ስፖንጅ

ከዚህ ልጀምር፤ የእኔ ምርጫ ስለሆነ። ፖሊዩሪቴን ከሚባል ፕላስቲክ ነው የሚሠራው። ሶፋ ሰሪ ቤት ቁርጥራጩ መሬት ላይ ወድቆ ታገኙታላችሁ። ጠይቁ፤ በነፃ ይሰጧችኋል። መቼም የጫማ ሳጥን የሚሞላ ቁርጥራጭ ለዓመታት ይበቃል።

ጥንካሬው ይለያያል። ለመቀመጫ የሚሆነው ጠንከር ያለው ቀዳዳው ደቃቅ ነው፤ ሲጫኑትም ቶሎ አይተኛም። ለትራስ የሚሆነው ለስላሳው ሰፋ ያለ ቀዳዳ አለው። ለእኛ ሥራ ጠንካራው ይበልጣል። 1/35 ታንክ ላይም፣ 1/24 መኪና ላይም ጥሩ ይሠራል። በጣት ቦጭቃችሁ ሹል ጫፍ ካወጣችሁለት 1/48 ላይም አይከፋም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ለሁሉም ዓይነት ስፖንጅ የሚሠራ ነው። በመቀስ አትቁረጡ። በመቀስ የተቆረጠ ስፖንጅ ፊቱ ጠፍጣፋ ነው። ሞዴሉ ላይ ሲያርፍ የቀዳዳዎቹን ክብ ቅርጽ እንደ ማኅተም ያትመዋል። ክብ ክብ ምልክት ያያችሁበት ሞዴል ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው። በጣት የተቦጨቀ ስፖንጅ ግን ፊቱ ወጣ ገባ ይሆናል። ጥቂት ጫፎች ብቻ ይነካሉ፣ እነሱም እኩል አይደሉም። የምንፈልገው እሱን ነው። ቁራጩ የባቄላ ፍሬ ያህል ይሁን። በወረንጦ ያዙት። በጣት ከያዛችሁት የት እንደሚያርፍ አታዩም።

የፍራሽ ስፖንጅ አንድ ችግር አለው። ሲያረጅና ፀሐይ ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ይፈረፈራል። የተፈረፈረው ቀለሙ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። ስትነኩት ዱቄት የሚተው ከሆነ ጣሉት።

የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ፣ ቢጫው ወገን

ሁሉም ቤት ስላለ አብዛኛው ሰው በዚህ ይጀምራል። ያስኬዳል። ቀዳዳዎቹ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ነው፤ ይህ የተዘበራረቀ ምልክት ይሰጣል። ርካሹ ስፖንጅ እዚህ ላይ ከውዱ ሊሻል ይችላል፤ ቀዳዳው ይበልጥ ዝብርቅርቅ ነውና።

ጣጣው ትልልቆቹ ቀዳዳዎች ናቸው። 1/24 ላይ አይጎዱም። 1/35 ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ቦጭቃችሁ ትልቅ ቀዳዳ ያለበትን ጎን ወደ ላይ አዙሩት። ከዚያ ላነሰ ስኬል አልመክረውም።

ደግሞ አዲስ ይሁን። ወጥ ቤት የሠራ ስፖንጅ ውስጥ ቅባትና ሳሙና አለ። ቅባት ያለበት ቦታ ቀለም አይይዝም። አዲሱንም ቢሆን በውሃ አጥባችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ አድርቃችሁ ተጠቀሙ።

አረንጓዴው መፈግፈጊያ

ያው ስፖንጅ ጀርባ ላይ ያለው አረንጓዴ ነገር ስፖንጅ አይደለም። እርስ በርሱ የተጠላለፈ ክር ነው። ስለዚህ ምልክቱም ሌላ ነው፤ ደቃቅ ነጥብና አጭር አጭር ጭረት ይተዋል። እኔን ከሁሉም ይበልጥ ያስገረመኝ ማንኪያ የእሱ ነበር። 1/72 ላይ እንኳን ልኩን የጠበቀ ምልክት ይሰጣል።

ከስፖንጁ ቀስ ብላችሁ ላጡት። ትንሽ ቁራጭ በወረንጦ ያዙና ጫፉን በጣታችሁ ፍቱት፤ ክሮቹ ይበተናሉ። ከዚያ ጫፉን ብቻ ቀለም አስነኩት። ክሩ ሻካራ ስለሆነ ሥር ያለውን ቀለም ሊቧጭር ይችላል። እጃችሁ ይቅለል። ከመጀመራችሁ በፊት ሞዴሉን አንድ ንጣፍ ቬርኒሽ ብትቀቡት ይመረጣል። የጭነት መኪና ሳጥን ውስጥ፣ ዕቃ ሲገባና ሲወጣ የሚቧጨረውን ወለል ለመሥራት ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

የብረት ሽቦውን ግን ተዉት። ቀለም አይይዝም፣ ፕላስቲኩንም ይጎዳል።

የዕቃ ማሸጊያ ስፖንጅ

ስልክ ወይም ኮምፒውተር ስትገዙ ከሳጥኑ ውስጥ የሚወጣው ነው። ሁለት ዓይነት መሆኑን ልብ በሉ። አንዱ ጥቁር ወይም ግራጫ ነው፤ ስትጨምቁት አየር ያወጣል፣ ስትለቁት ቀስ ብሎ ይመለሳል። ይህኛው በጣም ጥሩ ነው። ቀዳዳው ደቃቅና ጠንከር ያለ ነው፤ ለ1/35 እና ለ1/48 ይሆናል። ብዙ ባለሞያዎች ሚኒያቸር (ትንንሽ የሰው ምስሎች) ከሚያስቀምጡበት ሳጥን ውስጥ የሚነቅሉትም ይኼው ዓይነት ነው።

ሌላኛው ነጭ፣ ሲያሹት የሚንቀጫቀጭ ነው። አረፋው የተዘጋ ስለሆነ ቀለም አይመጥም። ላዩ ላይ ይንሸራተትና ጭቃ ሆኖ ያርፋል። አይሆንም።

በከረጢት "ለሞዴል" ተብሎ የሚሸጠውም አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ዓይነት የተለየ አይደለም። ካገኛችሁና ገንዘቡ ካላሳሰባችሁ ግዙ። ካላገኛችሁ ምንም አልቀረባችሁም።

የሜካፕ ስፖንጅ

ሦስት ማዕዘን ሆኖ በጥቅል የሚሸጠው ነው። ቀዳዳው በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው "ደቃቅ ስለሆነ ለትንሽ ሞዴል ይሆናል" ብሎ ይገዛዋል። እንደ መጣ ከተጠቀማችሁበት ግን ነጥብ አይሰጥም። የሚሰጠው ደመና የመሰለ ለስላሳ ጥላ ነው። የተላላጠ ቀለም ደግሞ ጠርዙ ስለታም ነው እንጂ ለስላሳ አይደለም።

ይህ ማለት ግን አይረባም ማለት አይደለም። ሥራው ሌላ ነው። ፀሐይ ያደበዘዘውን ጣሪያ፣ አቧራ የጠጣውን የታችኛውን የመኪና ክፍል፣ የነጣውን ኮፈን ለመሥራት እሱን የሚያህል የለም። ስፖንጁን ከመሠረቱ ቀለም ትንሽ ነጣ ያለ ቀለም አስነክታችሁ ሰፊው ቦታ ላይ ስስ አድርጋችሁ ነካ ነካ ታደርጉበታላችሁ። ለመላላጥ የምትፈልጉት ከሆነ ግን ቦጭቁት፤ የተቀደደው ፊት ላይ ደቃቅ ጫፎች ይወጣሉ።

አንዳንዱ የሜካፕ ስፖንጅ ከላቴክስ ነው የሚሠራው። ላቴክስ የማይስማማው ሰው ካለ ጥቅሉን ያንብብ።

የዓሣ ገንዳ ማጣሪያና የባሕር ስፖንጅ

ሁለቱን ባጭሩ ልለፋቸው። የማጣሪያ ስፖንጅ በአንድ ኢንች ውስጥ ባለው የቀዳዳ ቁጥር ነው የሚታወቀው፤ 10፣ 20፣ 30 እየተባለ ይሸጣል። 30 የሚባለው እንኳን እያንዳንዱ ቀዳዳው 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 1/35 ላይ ይህ 3 ሳንቲም ይጠጋል። ከዚያም ቀዳዳዎቹ እኩል ስለሆኑ ምልክቱ ጥለት ይሠራል። ለመኪና አልወደውም። ለግድግዳ፣ ለኮብልስቶን፣ ለሲሚንቶ መሠረት ግን ያምራል። የባሕር ስፖንጅም ያው ነው። ውድ ነው፣ ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ ለመሬትና ለድንጋይ ይሆናል።

ከስፖንጅ ውጭ ያሉት መንገዶች

ስፖንጅ ሁሉን አይችልም። ሦስት አማራጮች አብረው መታየት አለባቸው።

አንደኛው ቀጭን ብሩሽ ነው። ቁጥጥሩ ከሁሉም ይበልጣል። አንድን ጭረት እዚህ፣ አንድን ነጥብ እዚያ ማሳረፍ የሚቻለው በብሩሽ ነው። ችግሩ እጃችን ነው። ሳናውቀው ነጥቦቹን እኩል አድርገን፣ እኩል አራርቀን እንደረድራለን። ሃምሳኛው ነጥብ ላይ ስንደርስ ደግሞ ሰልችቶናል። ስለዚህ ብሩሽን ብቻውን ሳይሆን ከስፖንጅ በኋላ አምጡት። ስፖንጁ ዝብርቅርቁን ይሠራል፣ ብሩሹ ትርጉም ይሰጠዋል፤ ሁለት ነጥቦችን ያገናኛል፣ አንዱን ወደ ታች ስቦ የዝገት እንባ ያደርገዋል።

ሁለተኛው የፀጉር ስፕሬይ ነው። መጀመሪያ ሞዴሉን በሙሉ የዝገት ቀለም ትቀባላችሁ። ሲደርቅ ቬርኒሽ፣ ከዚያ የፀጉር ስፕሬይ፣ ከላይ ደግሞ አክሪሊክ ቀለም። በዚያው ቀን ውሃ አስነክታችሁ በጠንካራ ብሩሽ ትፈትጉታላችሁ። ስፕሬዩ ውሃ ሲያገኝ ይሟሟል፣ የላይኛው ቀለም ከነጠርዙ ይላጣል። ውጤቱ እውነተኛ ነው፤ ምክንያቱም በእውነት የተላጠ ቀለም ነው። ሜዳ ላይ ተጥሎ የቀረ ታንክ ወይም ዝገት የበላው ባቡር ለመሥራት ስፖንጅ አይስተካከለውም። ግን አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ቀለሙ ያለቀ ሞዴል ላይ አይሠራም። ከተሳሳታችሁም መመለሻ የለም። ቀለሙን በስስ የሚረጭ መሣሪያ ከሌላችሁም ይከብዳል፤ በብሩሽ የተቀባ ወፍራም ንጣፍ በሥርዓት አይላጥም።

ሦስተኛው የመሸፈኛ ፈሳሽ ነው፤ ሲደርቅ እንደ ላስቲክ የሚሆነው። ራሱን በስፖንጅ ነው የምታሳርፉት። የዝገት ቀለም ላይ ነካ ነካ ታደርጉታላችሁ፣ ሲደርቅ ላዩን ትቀቡታላችሁ፣ ከዚያ ፈሳሹን በጣት ትፈቁታላችሁ። ሥሩ ያለው ዝገት ብቅ ይላል። ሁለቱንም ዓለም የያዘ ዘዴ ነው። ስፖንጁ ግን አንዴ ከሠራ በኋላ ይጣላል፣ ሽታውም ይከብዳል። መስኮት ክፈቱ።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| አማራጭ | የሚተወው ምልክት | የሚስማማው ስኬል | ቁጥጥር | ስህተት መመለስ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ጠንካራ የፍራሽ ስፖንጅ | የተዘበራረቀ መካከለኛ ነጥብ | 1/24፣ 1/35፣ 1/48 | ጥሩ | ይቻላል | በነፃ |
| የዕቃ ማጠቢያ (ቢጫው) | ትልቅና ትንሽ የተቀላቀለ | 1/24፣ በጥንቃቄ 1/35 | መካከለኛ | ይቻላል | በጣም ትንሽ |
| አረንጓዴው መፈግፈጊያ | ደቃቅ ነጥብና ጭረት | 1/35፣ 1/48፣ 1/72 | ጥሩ | ይቻላል፤ ቧጭሮ ከሆነ ግን አይመለስም | በጣም ትንሽ |
| ጥቁሩ የዕቃ ማሸጊያ | ደቃቅ ነጥብ | 1/35፣ 1/48 | በጣም ጥሩ | ይቻላል | በነፃ |
| የሜካፕ ስፖንጅ | ለስላሳ ጥላ | ሁሉም፤ ለመደብዘዝና ለአቧራ | መካከለኛ | ቶሎ ከተጠረገ | ትንሽ |
| የማጣሪያና የባሕር | ሰፊ፣ የተራራቀ | ለመሬት፣ ለግድግዳ | ዝቅተኛ | ይከብዳል | ከመካከለኛ እስከ ውድ |
| ቀጭን ብሩሽ | እንደ እጃችሁ | ሁሉም | ከሁሉም በላይ | ይቻላል | መካከለኛ |
| የፀጉር ስፕሬይ | እውነተኛ ልጥ | 1/24፣ 1/35፣ 1/48 | ዝቅተኛ | አይቻልም | መካከለኛ |
| የመሸፈኛ ፈሳሽ በስፖንጅ | ስለታም ጠርዝ ያለው ልጥ | 1/24፣ 1/35 | ጥሩ | ከመቀባት በፊት ብቻ | መካከለኛ |

ከስፖንጁ የሚበልጠው ነገር

ማንኪያዎቹን ደርድሬ ሳያቸው አንድ ነገር ግልጽ ሆነልኝ። መጥፎዎቹን መጥፎ ያደረጋቸው አብዛኛውን ጊዜ ስፖንጁ አልነበረም። ቀለሙ በዝቶ ነው።

ስፖንጁን ቀለም ካስነካችሁ በኋላ ሶፍት ወይም ካርቶን ላይ ደጋግማችሁ ነካ ነካ አድርጉት። መጀመሪያ ጭቃ ይወጣል። ከዚያ ትልልቅ ጠብታ። ከዚያ ነጥብ። "አሁንማ ምንም አልቀረውም" የምትሉበት ጊዜ ነው ትክክለኛው ጊዜ። ያኔ ወደ ሞዴሉ ሂዱ። ቀጥ አድርጋችሁ አሳርፉ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ። አትጎትቱ። በየሁለት ሦስቱ ንክኪ ስፖንጁን በወረንጦው አዙሩት፤ ያለዚያ አንድ ዓይነት ምልክት ይደጋገማል። ቀለሙን በውሃ አታቅጥኑት። ስፖንጅ ወፈር ያለ ቀለም ይወዳል። ለዚህ ሥራ የሥዕል አክሪሊክ እንኳን ይሆናል።

ቀለሙስ? ጥቁር አይደለም። ደማቅ ብርቱካንም አይደለም። ጥቁርና ቀይ ቡናማ ቀላቅላችሁ የምታገኙት ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። የቆየ ዝገት እንደዚያ ነው የሚታየው፤ ብርቱካኑ አዲስ ዝገት ነው፣ በጥቂቱ ብቻ ይግባ። ከቡናማው በፊት ግን አንድ ሥራ አለ። የመኪናውን የራሱን ቀለም በነጭ አቅልሉና በስፖንጅ መጀመሪያ እሱን አሳርፉ። ለላዳው ፈዛዛ ሰማያዊ ማለት ነው። ይህ ላዩ ብቻ የተጫረ ቀለም ነው። ቡናማውን ከዚያ በኋላ በዚያው ነጥብ መሀል አሳርፉ፣ ዙሪያው ፈዛዛው ይታይ። ጥልቀት የሚመጣው ከዚህ ነው። ይህን የፈዛዛውን ደረጃ የሚዘልሉ ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ስፖንጅ ከመቀየር ይህን መጨመር ይሻላል እላለሁ።

የት ማሳረፍ እንዳለባችሁ ደግሞ ጋራዥ ሄዳችሁ እዩ። ባትላሜራ የሚሠራ ሰው ላሜራው የት እንደሚበላ ዓይኑን ጨፍኖ ይነግራችኋል። ከጎማው በላይ ያለው የፓራፋንጎ ጠርዝ፣ ጭቃ የሚጠራቀምበት የበሩ ሥር፣ በሩ ሲከፈት የሚጋጨው ጫፍ፣ ውሃ የሚተኛበት መጋጠሚያ። የጣሪያው መሀል ላይ ማንም አይወጣም፣ ምንም አይጋጨውም። እዚያ ነጥብ ካያችሁ ስፖንጅ የነካው እንጂ ዘመን የነካው አይደለም።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ስህተት ግን አውሮፕላን ላይ የማየው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው በሚያዝያ 1946 እ.ኤ.አ. ነው። የበረረውም በሲ-47፣ ማለትም በዲሲ-3 ወንድም ነው። ያንን አውሮፕላን 1/72 አድርጎ መሥራት ደስ የሚል ሥራ ነው፤ 29 ሜትር የነበረው ክንፍ 40 ሳንቲም ይሆናል። ታዲያ በቡናማ ዝገት ከተሞላ በኋላ ሳየው ያሳዝነኛል። የአውሮፕላኑ ቆዳ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ቀይ ዝገት አያወጣም። ቀለሙ ሲላጥ የሚታየው ብር የመሰለው አሉሚኒየም ነው፤ አንዳንዴም ሥር የተቀባው ቢጫ አረንጓዴ መከላከያ ቀለም። ስለዚህ አውሮፕላን ላይ ስፖንጁ ቡናማ ሳይሆን ብርማ ቀለም ይያዝ። በሩ ዙሪያ፣ የክንፉ የፊት ጠርዝ፣ መካኒኩ የሚረግጥበት ቦታ ይበቃል።

ለማን የትኛው?

1/24 መኪና ለምትሠሩ፦ ጠንካራ የፍራሽ ስፖንጅ፣ ከጎኑ ለጣሪያና ለኮፈን የሜካፕ ስፖንጅ። ሌላ ወጪ አያስፈልግም። የዕቃ ማጠቢያውም ይሆናችኋል።

1/35 ታንክና የጭነት መኪና ለምትሠሩ፦ ጥቁሩ የማሸጊያ ስፖንጅ ለዋናው ሥራ፣ አረንጓዴው መፈግፈጊያ ደግሞ ሠራተኛው ለሚረግጥበትና ዕቃ ለሚጎተትበት ቦታ። ቲ-55 ታንክ የምትሠሩ ከሆነ በሩ ዙሪያና መውጫው ላይ አተኩሩ። ታንኩ ተጥሎ የቀረ ከሆነ ግን በፀጉር ስፕሬይ ጀምራችሁ በስፖንጅ ጨርሱ።

1/72 አውሮፕላን ለምትሠሩ፦ አረንጓዴው መፈግፈጊያና ቀጭን ብሩሽ። ቢጫ ስፖንጅ አትንኩ።

ባቡር ለምትሠሩ፦ ይህ ከሁሉም ይከብዳል፣ እኔም ከሁሉም የምወደው ነው። አዲስ አበባ በ1917 እ.ኤ.አ. የደረሰው የጅቡቲ ባቡር ሐዲዱ የአንድ ሜትር ስፋት ነበረው። በ1/87 ሲሠራ ሐዲዱ 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እዚህ ስኬል ላይ ስፖንጅ ነጥብ ለመሥራት አይመችም፤ እንቁላል የሚያህል ልጥ ይሆንባችኋል። በብሩሽ ጥቂት ነጥብ አሳርፉና የሜካፕ ስፖንጁን ለመደብዘዝ ተጠቀሙበት። ቆላ ለቆላ የሚሄድ ባቡርን ፀሐይና አቧራ ያነጡታል፤ ዝገቱ ከታች፣ መንኮራኩሩና መጋጠሚያው አካባቢ ይብዛ። ባሕር ዳር ቆሞ የከረመ ፉርጎ ከሆነ ግን ጨው አለና ዝገቱን ጨመር አድርጉ።

ቁመታቸው 28 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ የሰው ምስሎችን ለምትቀቡ፦ ጥቁሩ የማሸጊያ ስፖንጅ፣ ቁራጩ የምስር ፍሬ ያህል ሆኖ። ጋሻና ጥሩር ላይ ብቻ። ፊትና ልብስ ላይ አታድርሱት፤ ከመጀመራችሁ በፊት በወረቀት ሸፍኑት።

ምንም በጀት ለሌላችሁ፦ ሶፋ ሰሪ ቤት ሂዱ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ላላችሁ ደግሞ፦ ካሏችሁ ማንኪያዎች አንዱን ቀብታችሁ ለግማሽ ሰዓት ሞክሩበት። ከዚያ ፈዛዛውን ቀለም፣ ከዚያ ቡናማውን። አራቱን ፓራፋንጎና የሁለቱን በር ሥር ጨርሳችሁ አቁሙ። ጠዋት በመስኮት ብርሃን እዩት። ከጎደለው ያኔ ትጨምራላችሁ።